ከደሴ እስከ አምባ ጊዮርጊስ፦ ስሙ ያልታወቀ ክሪስታል ፍለጋ

ጎንደር የሄድኩት ለአንድ ድንጋይ ስል ነው። አምባ ጊዮርጊስ የሚኖሩት የአክስቴ ባል፣ ጋሼ የምላቸው፣ በጓሯቸው የውኃ ጉድጓድ ሲያስቆፍሩ፣ ከጥቁሩ ድንጋይ ሆድ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ነገር ወጣ። ልጃቸው ጎንደር ከተማ ነው የሚሠራው። ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። «እናንተ ደሴ ውስጥ ኦፓል እያያችሁ ነው የምትውሉት፤ እስኪ ይሄ ምንድነው?» አለኝ።

ፎቶውን ለማውቃቸው ደላሎችና ድንጋይ ሞራጆች አሳየኋቸው። አንዱ ኳርትዝ ነው አለ። አንዱ ቶፓዝ። አንዱ ደግሞ ዝም ብሎ ቆይቶ «አልማዝ ቢሆንስ?» አለኝ። ደላንታ ላይ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ ከወጣ ወዲህ እኛ ጋ የሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ በብር ነው የሚታየው። ፎቶ ግን ክብደት አይናገርም፣ ጥንካሬ አይናገርም፣ ከየትኛው ድንጋይ እንደወጣም አይናገርም። ፈቃድ ወሰድኩና ተነሳሁ። ቦርሳዬ ውስጥ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ ማጉያ መነጽር፣ ሚስማር፣ ማስታወሻ ደብተርና ድንጋይ የምጠቀልልበት ሶፍት ነበር።

ሐሙስ፣ ጥር 21 ቀን 2012 ዓ.ም.፦ ደሴ፣ ወልዲያ፣ ደብረ ታቦር

ዕለቱ አስተርዮ ማርያም ስለነበር ደሴ መናኸሪያ መኪና አልነበረም ማለት ይቻላል። ብዙ ጠብቄ በአንድ ዶልፊን ወልዲያ ደረስኩ፤ 80 ብር። ከወልዲያ ወደ ደብረ ታቦር 180 ብር ተባልኩ። በዓል ነው ብለው ጨምረዋል፤ ተከራክሬም አልቀነሱልኝም።

ከወልዲያ ወደ ድልብ ያለው ዳገት ሁሌም ያስፈራኛል። አንዴ ደጋው ላይ ከወጡ በኋላ ግን መንገዱ ጥሩ ነው። ጋሸና ስንደርስ ብርዱ ሌላ ነው። እዚያ ወደ ቀኝ ላሊበላ፣ ወደ ግራ ደግሞ ወደ ወገል ጤና ይታጠፋል። እኛ ሰፈር የሚሸጠው ኦፓል የሚመጣው ከዚያ በግራ ካለው ገደል ነው። እሳተ ገሞራ ከተፋው አመድ በተሠራ ድንጋይ መሃል ባለ ቀጭን ንጣፍ ውስጥ ይገኛል። ወጣቶቹ ገደሉ ወገብ ላይ ዋሻ እየፈለፈሉ ነው የሚያወጡት። አደጋውን የሚያውቅ ሰው ኦፓል አንገቱ ላይ ሲያስር ያንን ቢያስብ ደስ ይለኛል።

ነፋስ መውጫን አለፍ እንዳልን ጎማ ፈነዳ። ረዳቱ ወርዶ ስኮርታውን ሲያወጣ እሱም ንፋስ የለውም። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ሾፌሩን ይወቅስ ጀመር። ሾፌሩ መልስ አልሰጠም፤ በአይሱዙ ተጭኖ ጎሚስታ ፍለጋ ሄደ። እኔ መንገዱ ሲሠራ የተቆረጠውን ግድግዳ ሳይ ቆየሁ። ጥቁሩ ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልቱ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። አንዳንዱ ቀዳዳ ባዶ ነው፤ አንዳንዱ በነጭ ነገር ተሞልቷል። ይህ ደጋ በሙሉ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ላቫ ነው። ላቫው ሲቀዘቅዝ ጋዙ አረፋ ሠርቶ ቀዳዳ ይተዋል። ቆይቶ በድንጋዩ ውስጥ የሚያልፍ ሞቅ ያለ ውኃ የተሸከመውን ማዕድን እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ያስቀምጣል። ቀዳዳው ሰፊ ከሆነና ቦታ ካገኘ ማዕድኑ ቅርጹን ጠብቆ ያድጋል። ክሪስታል የምንለው እሱን ነው። የጋሼ ጉድጓድ የሰጠውም ከዚህ ዓይነት እንደሚሆን መጠርጠር የጀመርኩት እዚያ መንገድ ዳር ነው።

ደብረ ታቦር የደረስነው መሽቶ ነው። አልጋ በ200 ብር ያዝኩ። ሙቅ ውኃ የለም፤ ብርድ ልብሱ ግን ወፍራም ነበር። ጥብስ በ110 ብር በላሁ። ደሴ በዚህ ዋጋ የሚመጣው ሳህን ያኔ ከዚህ ግማሹ ነበር።

ዓርብ፦ ጎንደር፣ ፒያሳ

ከወረታ በኋላ ሜዳ ነው፤ አዲስ ዘመንን አልፎ አሞራ ገደል ብቻውን ቆሞ ይታያል። ከቀትር በፊት ጎንደር ገባሁ። የአክስቴ ልጅ መናኸሪያ ድረስ መጥቶ በባጃጅ ወደ ፒያሳ ወሰደኝ። ዓርብ ስለሆነ ተጋቢኖ አዘዝን፤ 45 ብር። የሸክላው ሽሮ እየተንተከተከ ነው የመጣው። በርበሬው ከእኛ ይበረታል።

ቡናው እስኪፈላ አላስቻለኝም፤ «አውጣው» አልኩት። ከጃኬቱ ውስጠኛ ኪስ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። የአውራ ጣት ያህል ነው። ማር ጠብ ያለበት የሚመስል ቀለም አለው፤ ብርሃን ያሳልፋል። ጫፉ ሹል ነው። ከታች ከድንጋይ የተላቀቀበት ቦታ ሸካራ ነው። አንድ ጥግ ላይ ተሸርፏል፤ የተሸረፈው ቦታ ግን ልሙጥ ሆኖ ያብለጨልጫል።

እዚህች ሽራፊ ላይ ብዙ ቆየሁ። ኳርትዝ ሲሰበር ቀጥ ያለ ጠፍጣፋ ገጽ የለውም፤ የተሰበረ ጠርሙስ እንደሚጎደጉደው ይጎደጉዳል። ይሄ ግን ቀጥ ብሎ ነው የተሰነጠቀው።

የአክስቴ ልጅ በሳምንቱ ውስጥ አንድ ነጋዴ ጋ አሳይቶት ነበር። ሰውዬው ብርሃን ላይ አገላብጦ ካየ በኋላ «አልማዝ ሳይሆን አይቀርም፤ 5,000 ብር ልስጥህና እኔ ልሞክርበት» ብሎታል። ያልሸጠው አባቱን ፈርቶ ነው። በጣም ተናደድኩ። እንዲህ ዓይነቱ ንግግር ነው ገበሬውን እርሻውን አስትቶ ድንጋይ የሚያስፈነቅለው።

ባዶ የዳሽን ቢራ ጠርሙስ ለመንን። የክሪስታሉን የተሸረፈ ጠርዝ ጠርሙሱ ላይ ጫን አድርጌ ሳብኩት። ነጭ መስመር ወጣ። በጣቴ ጠረግኩት፤ መስመሩ ጠፋ፤ ጠርሙሱ ምንም አልሆነም። የተፈጨው ክሪስታሉ ነው። ከዚያ በሚስማር በታችኛው ሸካራ በኩል፣ ጤነኛውን ገጽ ሳልነካ፣ ጫር አደረግኩት። ሚስማሩ ያለ ችግር ጫረው። በጥፍር ሞከርኩ፤ ጥፍር አልጫረውም።

ለዚህ የሚረዳው ፍሬድሪክ ሞስ የተባለ ጀርመናዊ በ1812 እ.ኤ.አ. ያወጣው ከ1 እስከ 10 ያለ የጥንካሬ መለኪያ ነው። ጥፍር ሁለት ተኩል ገደማ ነው። ጠርሙስ አምስት ተኩል ገደማ። ኳርትዝ 7፣ ቶፓዝ 8፣ አልማዝ 10። ሦስቱም ጠርሙስ ይጭራሉ። ስለዚህ የደሴ ወዳጆቼ ግምት ሁሉ ቡና ሳንጠጣ ወደቀ። ጂፕሰምም አይደለም፤ ጂፕሰም 2 ስለሆነ በጥፍር ይጫራል።

ከሰዓት በኋላ አንድ አንጥረኛ ቤት ገባን። ጉዳዩን ስንነግራቸው አባት አንጥረኛው ራሳቸው ጓጉ። ሚዛናቸው ስስ ነው። መጀመሪያ ክሪስታሉን እንዲሁ መዘኑት፤ 13.6 ግራም። ቀጥሎ በክር አንጠልጥለው ውኃ ውስጥ እንደጠለቀ መዘኑት፤ 8.6። ልዩነቱ 5 ግራም ነው። 13.6ን ለ5 ስናካፍል 2.72 መጣ። ይህ ማለት ከእኩል መጠን ውኃ 2.7 ጊዜ ያህል ይከብዳል ማለት ነው። አልማዝ ቢሆን ሦስት ተኩል መምጣት ነበረበት። እኔ የጠረጠርኩት ካልሳይት የሚባለውን ማዕድን ነው፤ የእሱ ክብደት 2.71 ነው። ኳርትዝ ግን 2.65 ስለሆነ ክብደቱ ብቻውን አይለየውም። ያችን የቢራ ጠርሙስ የወደድኳት ለዚህ ነው። አንጥረኛው ሒሳብ ስንጠይቃቸው «ስሙን ስታውቁ ንገሩኝ፤ እሱ ይበቃኛል» አሉን።

ቅዳሜ፣ ጥር 23፦ ወለቃ፣ ኮሶዬ፣ አምባ ጊዮርጊስ

ሚኒባስ 30 ብር። ወለቃ ላይ የሸክላ ሥራ የሚሸጡ ሴቶች ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል፤ መኪናው አልቆመም። ኮሶዬ ላይ አንዱ ተሳፋሪ ሊወርድ ሲል መኪናው ትንሽ ቆመ። ከገደሉ አፋፍ ቆላው ወለል ብሎ ይታያል፤ ላቫው በእርከን በእርከን ተደርድሯል። ደሴም ተራራ አለን፤ ጦሳ አለን። እንዲህ ያለ የገደል ቁርጥ ግን የለንም።

አምባ ጊዮርጊስ ንፋሷ የለበሱትን ልብስ ያስረሳል። ዕለቱ የወር ጊዮርጊስ ስለሆነ አክስቴ ዝክር ነበራት። ቤቱ በሰው ሞልቷል። ጠላው ድፍድፉ የበረታ ነው። «ልጄ፣ በሞትኩት፣ ከስተሃል» አለችኝ፤ ሳልከሳ። እንጀራው ላይ እየደጋገመች ስትጨምርልኝ እምቢ ማለት አልተቻለም። ድንጋዩን ያነሳሁት ቄሱ መርቀው ከወጡ በኋላ ነው።

ጋሼ ፊታቸው ጠቆር አለ። «ትልቁንማ ሰበሩት» አሉኝ። ከጉድጓዱ የወጣ የሕፃን ክንድ የሚያህል ክሪስታል ነበር። አንድ ጎረቤት «አልማዝ ከሆነ አይሰበርም፤ እንፈትነው» ብሎ በመዶሻ መታው። ይህ ወሬ በየአገሩ አለ፤ ውሸት ነው። አልማዝ የማይጫር እንጂ የማይሰበር አይደለም። እውነተኛ አልማዝም በመዶሻ ቢመታ ይሰነጠቃል። ስንት ጥሩ ናሙና በዚህ ወሬ እንደጠፋ ሳስብ ያመኛል።

«ስባሪውን ጥላችሁታል?» አልኳቸው። አልጣሉትም። አክስቴ በቆርቆሮ ጣሳ አስቀምጣዋለች። ምጣድ ላይ ዘረገፍነው።

ያንን ያየሁበትን ሰዓት አልረሳውም። ትልቁም፣ ትንሹም፣ የምስር ፍሬ የምታህለዋም ስባሪ ቅርጻቸው አንድ ነው። ሁሉም ወደ ጎን የተገፋ ሳጥን ናቸው። አንዱን በድጋሚ ብትሰብሩት የሚወጣው ያው የተገፋ ሳጥን ነው። በሦስት አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሰነጠቀው፤ ማዕዘኑም ቀጥ ያለ አይደለም። አንደኛው 75 ዲግሪ፣ ሌላኛው 105 ዲግሪ ገደማ ነው። የታናሹን ልጅ ፕሮትራክተር ተውሰን ለካነው፤ ገጠመ።

ከስባሪዎቹ ጥርት ያለውን መርጬ የልጁ ደብተር ላይ፣ የእስክሪብቶ መስመር ላይ፣ አስቀመጥኩት። አንዱ መስመር ሁለት ሆኖ ታየ። ልጁ ጮኸ። «አዙረው» አልኩት። ሲያዞረው አንዱ መስመር ባለበት ሲቆይ ሌላው ይዞረዋል። ካልሳይት ወደ ውስጡ የሚገባውን ብርሃን ለሁለት ከፍሎ በየራሱ መንገድ ነው የሚያሳልፈው። ኳርትዝም ይከፍላል፤ ግን ልዩነቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ በእንዲህ ዓይነት ቁራጭ በዓይን አይታይም። ጋሼ፣ አክስቴ፣ ቤት ያልሄዱት የዝክር እንግዶች በሙሉ በየተራ እያጎነበሱ አዩ።

የቀረው ሎሚ ነው። ደቃቁን ፈጭተን ማንኪያ ላይ አደረግነውና ሎሚ ጨመቅንበት። በደቂቅ በደቂቅ አረፋ መፍላት ጀመረ። አሲዱ ካልሲየም ካርቦኔቱን ሲበላው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ አረፋው እሱ ነው። ቁራጩ እንዳለ ቢሆን በሎሚ ብዙም አይታይም፤ መፈጨት አለበት።

«እና ስንት ያወጣል?» አሉ ጋሼ። እውነቱን ነገርኳቸው። ካልሳይት በዓለም ላይ በጣም ብዙ ከሆኑ ማዕድናት አንዱ ነው። ለጌጥ አይሆንም፤ ይጫራል፣ ይሰነጠቃል። ያልተሰበረው ትልቁ ግን ከነድንጋዩ ቢኖር ለትምህርት ቤት፣ ለሙዚየም ትልቅ ነገር ነበር። ጋሼ ጥቂት ዝም አሉና «ኧረ እንኳን አልማዝ አልሆነ፤ መሬቴን ይቀሙኝ ነበር» አሉ።

እሑድ፦ የጉድጓዱ አፍ

ተክለ ሃይማኖት ስለሆነ ቁፋሮ የለም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኔና የአክስቴ ልጅ ከጉድጓዱ የወጣውን የድንጋይ ክምር አንድ በአንድ አገላበጥነው። ቆፋሪዎቹ የነገሩን፣ ድንጋዩ ቀዳዳ የበዛው ስድስት ሜትር ገደማ ላይ ሲደርሱ ነው። ያንን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

ፎቶው ያላሳየኝን ያገኘሁት እዚህ ነው። የራስ ቅል የሚያህል ጥቁር ድንጋይ አለ፤ ግማሹ ዋሻ ነው። የዋሻው ግድግዳ በስስ አረንጓዴ ንጣፍ ተለብጧል። ከእሱ በላይ ጥቃቅን፣ ብዙ ገጽ ያላቸው ብርጭቆ የሚመስሉ ድብልብሎች አሉ። ከእነሱ በላይ ነጭ፣ ጠፍጣፋ ቅጠል ቅጠል ነገር፤ ወገቡ ላይ ቀጭን፣ ጫፎቹ ላይ የሚዘረጋ፣ በአጭሩ የታሰረ የገብስ ነዶ ነው የሚመስለው። በመጨረሻ ከነጩ ላይ ተቀምጦ አንድ ትንሽ የማር ቀለም ያለው ካልሳይት።

ማን በማን ላይ እንደተቀመጠ ማየት ማለት ማን ቀድሞ እንዳደገ ማወቅ ነው። ከታች ያለው ቀዳሚ ነው። ካልሳይቱ የመጨረሻው እንግዳ ነው። አንድ ክሪስታል ከድንጋዩ ተላቅቆ፣ ታጥቦ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሲመጣ ይህ ታሪክ በሙሉ አብሮት አይመጣም። ስለዚህ ማንም እንዲህ ያለ ነገር ያገኘ ሰው አታላቁት፣ አትጠቡት፣ ከየት ቦታና ከስንት ጥልቀት እንደወጣ በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ እላለሁ። ከየትኛውም ፈተና ይበልጣል።

ነጩን በማጉያ አየሁት። ሰፊው ገጹ የዕንቁ ዓይነት ነጸብራቅ አለው። ሚስማር ይጭረዋል፤ ጥፍር አይጭረውም። ሎሚ ሲነካው አይፈላም። ካልሳይት አይደለም ማለት ነው። ዚዮላይት ከሚባሉት የማዕድን ቤተሰብ ይሆናል አልኩ፤ የትኛው ዚዮላይት ነው የሚለው ግን ከእኔ አቅም በላይ ነበር። ድንጋዩን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ማታ ወደ ጎንደር ተመለስን። ረዳቱ የዕቃ 20 ብር አስከፈለን።

ሰኞ፦ ዩኒቨርሲቲው፣ ፋሲል ግቢ

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ የሚያስተምር አንድ መምህር በሰው በሰው አገኘን። ድንጋዩን ሳይነካ በፊት «ከየት ወጣ?» ብሎ ነው የጠየቀው። የጻፍኩትን ሳሳየው ፈገግ አለ።

የማር ቀለም ባለው ክሪስታል ላይ አንድ ጠብታ ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አደረገበት፤ ሳይፈጭ፣ እንዳለ፣ ቡልቅ ብሎ ፈላ። «ካልሳይት፤ አለቀ» አለ። የድብልብሎቹን ገጽ ቆጥሮ በማጉያ አሳየኝ፤ አናልሲም የሚባል ማዕድን ናቸው።

ነጩን ግን በአንድ ቃል አልመለሰውም። የጥፍር ስባሪ የምታህል ቅንጣት ወስዶ በመስታወት የመሞከሪያ ቱቦ ውስጥ ጨመራትና እሳት ላይ ያዛት። ቅንጣቷ ጥርት ማለቷ ቀርቶ ኖራ መሰለች። ከላይ፣ ቱቦው ቀዝቃዛ በሆነበት በኩል፣ የውኃ ጤዛ ተንጠባጠበ። ከደረቅ ድንጋይ ውኃ ሲወጣ ማየት ልብ ይነካል። ዚዮላይት በውስጡ ባሉት ጥቃቅን ክፍተቶች ውኃ ይይዛል፤ ሲሞቅ ይለቀዋል። ይህን ባሕርዩን መጀመሪያ የመዘገበው ክሮንስቴት የተባለ ስዊድናዊ ነው፤ በ1756 እ.ኤ.አ.።

ቅርጹ፣ የዕንቁ ነጸብራቁና ጥንካሬው ስቲልባይት የሚባለው ዚዮላይት ነው ያስብላል። ሂውላንዳይት የሚባለው ሌላው ዚዮላይት ቢሆን ክሪስታሉ ወገቡ ላይ ይሰፋ ነበር እንጂ አይቀጥንም። ነገር ግን ስቴለራይት የሚባል የቅርብ ዘመድ አለው፤ በዓይንና በሚስማር ከስቲልባይት አይለይም። ለመለየት የዱቄቱን ውስጣዊ አደረጃጀት በኤክስሬይ ማንበብ ያስፈልጋል። መምህሩ ናሙና ከረጢት ውስጥ ጨምሮ ቦታውን፣ ጥልቀቱንና ቀኑን ጻፈበት። እስከዚያው በመዝገቡ ላይ «ስቲልባይት ወይም ስቴለራይት» ብሎ አሰፈረ። እርግጠኛ ሳይሆን እርግጠኛ አለመምሰሉ በጣም አስከበረው።

ቀሪውን ሰዓት ፋሲል ግቢ አሳለፍኩ። ከ1636 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተገነቡት ግንቦች ጥቁር ባዛልት በኖራ የተያያዘ ነው። ኖራ የካልሲየም ካርቦኔት ድንጋይ ተቃጥሎ ነው የሚገኘው፤ ግንቡ ላይ ሲደርቅ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ መልሶ ካልሳይት ይሆናል። ስለዚህ ጋሼ ጉድጓድ ውስጥ ባዛልትና ካልሳይት፣ ግንቡም ላይ ባዛልትና ካልሳይት። ግንቡን ግን በሚስማር የሚሞክር እንዳይኖር አደራ።

ወደ አንጥረኛው ሄደን ስሙን ነገርናቸው። «ካል…ሳይት» ብለው ደገሙና የሚዛናቸው ሣጥን ክዳን ላይ በእርሳስ ጻፉት፤ 2.72ንም ጨምረው።

ማታ ለጋሼ ደወልኩላቸው። ሁሉንም በዝርዝር ነገርኳቸው፤ ስቲልባይቱን፣ ኤክስሬዩን፣ ከረጢቱን። አዳመጡኝና «እሺ፣ ውኃውስ ይጠጣል?» አሉ። መምህሩን ይህንኑ ጠይቄው ነበር። ክሪስታሎቹ መርዝ አይደሉም፤ ካልሳይት ያለበት ውኃ ጀበናና ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ የመጠጥ ውኃ ግን በላቦራቶሪ ሳይመረመር ይጠጣል አይባልም ብሎኛል። እንደዚሁ አልኳቸው። «በል እንግዲያው ውኃው ሲወጣ በጠርሙስ ልኬላችሁ አስመርምሩልኝ፤ ያ ልጅ ግን ድንጋዩን ተጠንቅቆ ይያዝልኝ» አሉኝ።